«ፋይሌ ሳይጠፋ ዲስኬ ይቀየርልኛል?»

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተመካክረው የመጡ ይመስላሉ። አንዱ ቪዲዮ አልገባ ብሎታል፣ ሌላዋ ማክ ገዝተዋል፣ ሌላው ደግሞ ዲስኩ «ፎርማት አድርገኝ» (ውስጤን አጥፍተህ እንደ አዲስ አዘጋጀኝ) እያለ ያስጨንቀዋል። የሁሉም ጥያቄ ግን ዞሮ ዞሮ ፋይል ሲስተም ላይ፣ ማለትም ዲስኩ የትኛው ፋይል የት እንዳለ በሚመዘግብበት ሥርዓት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ዛሬ ዓምዱን ሙሉ በሙሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ስለ ስልክ ባትሪ የጻፋችሁልኝ፣ እስከሚቀጥለው እትም ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ቪዲዮ ኤዲት የማደርግ ልጅ ነኝ። 1 ቴራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አለኝ፣ ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። ግን ሠርቼ የጨረስኩትን 11 ጊጋ ቪዲዮ ልገለብጥበት ስል «ፋይሉ ለዚህ ፋይል ሲስተም በጣም ትልቅ ነው» ይለኛል። ባዶ ቦታ እያለ እንዴት ነው ትልቅ የሚሆነው? ጓደኛዬ «ፎርማት አድርግና ኤንቲኤፍኤስ አድርገው» አለኝ። ውስጡ ግን የዓመታት ሥራዬ አለ። ፎርማት ሳላደርገው መቀየር አይቻልም ወይ? (ቪዲዮ ኤዲተሩ)

መልስ፦ ይቻላል። ዕድለኛ ነህ፣ የያዝከው መንገድ የሚቻለው መንገድ ነው። ወዲያው ከመሮጥህ በፊት ግን ትንሽ ታገሰኝ።

ዲስክህ የተሠራው ፋት32 በሚባል ፋይል ሲስተም ነው። ፋት32 በ1996 ከዊንዶውስ 95 ሁለተኛ እትም ጋር የመጣ ነው። የእያንዳንዱን ፋይል መጠን የሚመዘግብበት ቦታ 32 ቢት ብቻ ነው። በ32 ቢት ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር ደግሞ 4,294,967,295 ነው። ከዚህ አንድ ባይት ያለፈ ፋይል መጠኑ የሚጻፍበት ቦታ የለውም ማለት ነው። ዲስኩ 1 ቴራ ሆነ 10 ቴራ፣ ባዶ ሆነ ሙሉ፣ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ያንተ ቪዲዮ 11 ጊጋ ነው። አለቀ።

በነገራችን ላይ፣ ዊንዶውስ ለብዙ ዓመታት በተለመደው የፎርማት መስኮቱ ከ32 ጊጋ በላይ የሆነን ዲስክ ፋት32 አድርጎ አይሰጥም ነበር። ስለዚህ ያንተን ዲስክ ፋት32 ያደረገው ምናልባት ሌላ ፕሮግራም ወይም ሌላ መሣሪያ ነው። ይህን የማነሳው «ከፋብሪካ ሲወጣ እንዲህ ነው፣ አይነካም» የሚሉህን እንዳትሰማ ነው። ይነካል።

አሁን ወደ መቀየሩ እንሂድ። ዲስኩን እንደ መዝገብ ቤት አስበው። ፋይሎችህ መደርደሪያው ላይ ናቸው። ፋይል ሲስተሙ የትኛው ፋይል የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚናገረው መዝገብ ነው። ዊንዶውስ ኮንቨርት የሚባል ትእዛዝ አለው። ይህ ትእዛዝ ፋይሎቹን ከቦታቸው አያነሳም። ባዶው ቦታ ላይ አዲስ የኤንቲኤፍኤስ መዝገብ ይጽፋል፣ ከዚያ የድሮውን በአዲሱ ይተካል። ዳታህ ሳይጠፋ የሚቀየረው በዚህ ነው። በ2017 አፕልም በስልኮቹ ላይ ተመሳሳይ ነገር አድርጓል። አይኦኤስ 10.3ን የጫነ ሁሉ የስልኩ ፋይል ሲስተም ከድሮው ወደ ኤፒኤፍኤስ ተቀየረ። ብዙው ሰው መቀየሩን እንኳ አላወቀም። ስለዚህ ሐሳቡ ጥንቆላ አይደለም፣ የታወቀ አሠራር ነው።

አደጋው ግን እዚያው መሃል ላይ ነው። የድሮው መዝገብ እየለቀቀ አዲሱ ሳይቆም ኬብሉ ቢነቀል ወይም መብራት ቢጠፋ፣ ፋይሎቹ ቦታቸው ላይ ሆነው የት እንዳሉ የሚያውቅ አይኖርም። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንህ። ከመቀየርህ በፊት የማይተኩትን ሥራዎችህን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጥ። «ጋሼ፣ ኮንቨርት አያጠፋም ብለህ የለ?» ትለኛለህ። አዎ፣ አያጠፋም። ማይክሮሶፍት ራሱም ግን መጀመሪያ ባክአፕ ያዙ ነው የሚለው። ሁሉንም መገልበጥ ባትችል እንኳ ያለቁ ሥራዎችህንና የፕሮጀክት ፋይሎችህን ብቻ ገልብጥ። ድጋሚ ልታወርደው የምትችለውን ነገር ተወው።

ከዚያ ዲስኩን መርምር። ዲስኩ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ቱልስ፣ ቼክ። ስህተት ካገኘ ያስተካክል። ኮንቨርት ራሱም ከመጀመሩ በፊት ይመረምራል፤ ችግር ካየ ደግሞ ሥራውን አይጀምርም። ምርመራው ላይ ዲስኩ ከተንቀራፈፈ ወይም «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማ፣ መቀየሩን እርሳው። የታመመ ዲስክ አይቀየርም፣ ውስጡ ያለው ይወጣለታል እንጂ።

ጤነኛ ከሆነ፣ ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰካው። ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ የእንቅልፍ ሰዓቱን አጥፋ። ዲስኩ ላይ የተከፈተ ማንኛውንም ነገር ዝጋ፣ የኤዲቲንግ ሶፍትዌርህንም ጭምር። ኮማንድ ፕሮምፕትን ፈልገህ «በአድሚኒስትሬተር ክፈት» በለው። የምትጽፈው አንድ መስመር ነው። ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል ሆኖ፦ ኮንቨርት የሚለው ቃል፣ ክፍት ቦታ፣ የዲስኩ ፊደልና ወዲያው ሁለት ነጥብ፣ ክፍት ቦታ፣ ወደ ፊት ያዘነበለው ሰረዝ፣ ኤፍኤስ፣ ሁለት ነጥብ፣ ኤንቲኤፍኤስ (ለምሳሌ convert E: /fs:ntfs)። የዲስኩን ፊደል ደግመህ አረጋግጥ። ኢ ነው ወይስ ኤፍ? ፍላሽ ተሰክቶ ከሆነ ንቀለውና ጥርጣሬው ይጥፋ።

ኢንተር ስትል መጀመሪያ የአሁኑ ፋይል ሲስተም ፋት32 መሆኑን ይነግርህና የዲስኩን ስም ጻፍ ይልሃል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደናገጣል። የይለፍ ቃል የጠየቀው የሚመስለውም አለ። ሌላ ምንም አይደለም፣ የተሳሳተ ዲስክ እንዳትቀይር ነው የሚያጣራህ። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ከዲስኩ ፊደል ጎን የምታየውን ስም ልክ እንደዚያው ጻፍለት። ስሙ ረዥምና ግራ የሚያጋባ ከሆነ አስቀድመህ ሪኔም አድርገህ አጭር የእንግሊዝኛ ስም ስጠው።

ቀጥሎ ፋይሎችንና ፎልደሮችን እየመረመርኩ ነው ይላል። ፋይሎችህ ብዙ ከሆኑ እዚህ ላይ ይቆያል። ከዚያ የዲስኩን ጠቅላላ መጠን፣ ያለውን ባዶ ቦታና ለሥራው የሚያስፈልገውን ቦታ ያሳይሃል። ባዶ ቦታው ካልበቃ ምንም ሳይነካ ያቆማል። ያንተ ከግማሽ በላይ ባዶ ስለሆነ ይህ አያሳስብህም። በመጨረሻም መቀየሩ ተጠናቀቀ ይልሃል። እስኪጠናቀቅ ዲስኩን አትንካው። ጠረጴዛውን ራሱ ባትነካው ደስ ይለኛል።

«ዲስኩን ብቻዬን መያዝ አልቻልኩም፣ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ ልሥራው?» ካለህ የሆነ ፕሮግራም ዲስኩን ይዞታል ማለት ነው። እንቢ በለው። የያዘውን ፕሮግራም ፈልገህ ዝጋና እንደገና ጀምር። በግድ የሚያላቅቅ ምርጫም አለ፣ እኔ ግን በኤክስተርናል ዲስክ ላይ አልመክረውም። ግማሽ ተጽፎ የቀረ ፋይል ሊኖርህ ይችላል።

አንድ የማትወደው ነገር ልንገርህ። መንገዱ የአንድ አቅጣጫ ነው። ኮንቨርት ከፋት32 ወደ ኤንቲኤፍኤስ ይወስድሃል፣ መልሶ አያመጣህም። ስለዚህ ከመጀመርህ በፊት ይህ ዲስክ ሌላ የት የት እንደሚሰካ አስብ። ቪዲዮህን የምታስረክብለት ሰው ማክ ይጠቀማል? ማክ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል፣ ግን አይጽፍበትም። ቴሌቪዥን ላይ ትሰካዋለህ? አንዳንዱ ያነባል፣ አንዳንዱ አያነብም። ሥራህ ዊንዶውስ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ሂድበት። ኤንቲኤፍኤስ ከ1993 ጀምሮ በዊንዶውስ ኤንቲ 3.1 የመጣ፣ የተፈተነ ሥርዓት ነው። የሚያደርገውን ለውጥ አስቀድሞ በማስታወሻ ይይዛል። ኮምፒውተሩ ድንገት ቢጠፋ ያንን ማስታወሻ አይቶ መዝገቡን ያስተካክላል። ፋት32 ይህ የለውም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፎቶ አንሺ ነኝ። ቤት ማክ ገዛሁ፣ ቢሮ ያለው ግን አሁንም ዊንዶውስ ነው። ዲስኬ ኤንቲኤፍኤስ ስለሆነ ማኩ ፎቶዎቹን ያሳየኛል እንጂ አንድ ነገር መጨመርም ማጥፋትም አያስችለኝም። ለሁለቱም እንዲሆን ወደ ኤክስፋት ልቀይረው ፈለግሁ። ኮንቨርት የሚባለውን ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ «በአንድ ክሊክ፣ ዳታ ሳይጠፋ» የሚል ሶፍትዌር አየሁ። ልመነው? (ፎቶ አንሺዋ)

መልስ፦ እህቴ፣ ኮንቨርት እምቢ ያለዎት እርስዎ ስላጠፉ አይደለም። ትእዛዙ መነሻው ፋት ወይም ፋት32፣ መድረሻው ኤንቲኤፍኤስ ብቻ ነው። ወደ ኤክስፋት የሚወስድ መንገድ ዊንዶውስም ማክም ውስጥ የለም። ያለው መንገድ አንድ ነው፦ ፎቶዎቹን ሌላ ቦታ መገልበጥ፣ ዲስኩን ፎርማት ማድረግ፣ መልሶ መገልበጥ።

የ«አንድ ክሊክ» ሶፍትዌሩን በተመለከተ፣ የሚሉትን የሚያደርጉ እንዳሉ አልክድም። ግን እስቲ አብረን እናስብ። ሶፍትዌሩን ያለ ባክአፕ ከተጠቀሙ፣ የሥራዎን ሁሉ ዕጣ ለማያውቁት ፕሮግራም ሰጡ ማለት ነው። ባክአፕ ይዘው ከተጠቀሙ ደግሞ፣ ባክአፑ እጅዎ ላይ ካለ ሶፍትዌሩ ምን ያደርግልዎታል? ፎርማት አድርገው መልሰው ቢገለብጡ ያው ነው። እንዲያውም ይሻላል፣ ምን እንደተደረገ በዓይንዎ ያዩታል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ «የተሰበረ» የሚባለውን የሶፍትዌሩን ቅጂ ከየትም አውርዶ ዲስክ ላይ መልቀቅ ነው። ቫይረስ ለማስገባት ከዚህ የቀለለ በር የለም።

ስለዚህ ጥያቄው ሁለተኛ ዲስክ አለዎት ወይ ነው። ከሌለ ይዋሱ። ፎቶ አንሺ ከሆኑ ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሁለተኛ ዲስክ ቀድሞም ሊኖርዎት ይገባ ነበር። የደንበኛ ፎቶ በአንድ ዲስክ ብቻ አይያዝም።

አሁን አሠራሩ። ሁሉንም ፎልደር ወደ ሁለተኛው ዲስክ ይገልብጡ። ኮፒ ነው የምልዎት፣ ከት አይደለም። ከት ካደረጉ መሃል ላይ ሲቋረጥ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይቀራል። ዲስክዎ 400 ጊጋ ያህል ከያዘ፣ በዩኤስቢ 3 ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ይፈጃል። በድሮው ዩኤስቢ 2 ግን ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ። የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው፣ እዚያ ላይ ይሰኩ።

ተገልብጦ ሲያልቅ ወዲያው ፎርማት አያድርጉ። አብዛኛው ሰው ዳታውን የሚያጣው እዚህ ቦታ ላይ ነው። የመቀየሩ ሥራ ሳይሆን ችኮላው ነው የሚያጠፋው። በመጀመሪያው ዲስክ ላይ ያሉትን ፎልደሮች በሙሉ መርጠው፣ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ። የፋይሉን ቁጥርና መጠኑን በባይት ወረቀት ላይ ይጻፉ። በሁለተኛውም እንዲሁ። ሁለት መጠን ይታያል፦ አንዱ ሳይዝ፣ ሌላው ሳይዝ ኦን ዲስክ። የሚያነጻጽሩት የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛው ከዲስክ ዲስክ ቢለያይ አይደንግጡ። የፋይሉ ቁጥር በአንድ እንኳ ከጎደለ ግን ያ አንዱ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አይለፉ። ከዚያ ከተለያየ ፎልደር ጥቂት ፎቶዎችን ይክፈቱ፣ ከድሮውም ከቅርቡም። ሁለተኛውን ዲስክ ነቅለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢከፍቱልኝ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል።

ፋይሉ በጣም ብዙ ከሆነና መገልበጡ እየተቋረጠ ካስቸገረዎት፣ ዊንዶውስ ውስጥ ሮቦኮፒ የሚባል ትእዛዝ አለ። ሲቋረጥ ደግመው ሲያስነሱት የተገለበጠውን ዘልሎ የቀረውን ብቻ ይቀጥላል። ብቻ አደራዎን፣ ሚር የሚባለውን አማራጭ አይጨምሩበት። ሚር መድረሻውን የመነሻው ግልባጭ ያደርገዋል፤ በመነሻው የሌለውን ከመድረሻው ያጠፋል። አቅጣጫውን ተሳስተው ባዶውን ዲስክ መነሻ ካደረጉት፣ ሙሉውን ዲስክ «እንደ ባዶው» ያደርግልዎታል። ያለምንም ጥያቄ።

ፎርማቱን ሲያደርጉ፣ በዊንዶውስም ሆነ በማክ ዲስክ ዩቲሊቲ ኤክስፋትን ይምረጡ። ባክአፑን የያዘውን ዲስክ ግን በዚያ ሰዓት ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ያስገቡት። ሁለት የሚመሳሰሉ ዲስኮች ጎን ለጎን ተሰክተው ፎርማት አይደረግም። ዊንዶውስ ላይ ከሆኑ ኩዊክ ፎርማት ለጤነኛ ዲስክ በቂ ነው። ሙሉው ፎርማት ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ይጽፍበታል፣ ሰዓት ይበላል። ከዚያ በኋላ የሚመለስ ነገር እንደሌለም ይወቁ።

ስለ ኤክስፋት ሁለት ነገር ልጨምር። ማይክሮሶፍት በ2006 ያወጣው ሲሆን የ4 ጊጋ ችግር የለበትም። ካሜራዎ ውስጥ ያለው ከ32 ጊጋ በላይ የሆነ ሜሞሪ ካርድም በዚሁ ነው የሚሠራው። ግን ለትናንሽ ፋይሎች ቦታ አባካኝ ነው። ዊንዶውስ ትልቅ ዲስክን በነባሪ ኤክስፋት ሲያደርገው ትንሹ የቦታ መለኪያ 128 ኪሎባይት ይሆናል። ኤንቲኤፍኤስ ላይ ግን 4 ኪሎባይት ነው። 1 ኪሎባይት የሆነች ፋይል ኤክስፋት ላይ 128 ኪሎባይት ቦታ ትይዛለች ማለት ነው። የፎቶ ኤዲቲንግ ፕሮግራሞች ደግሞ በትናንሽ ፋይል የታወቁ ናቸው። እንዲህ ያሉ 100 ሺህ ፋይሎች ካሉዎት ብቻቸውን 12 ጊጋ ያህል ይይዛሉ። ዲስክዎ ሊሞላ ትንሽ ከቀረው፣ ወጥቶ የነበረው ሁሉ ተመልሶ ላይገባ ይችላል። ፎርማት ሲያደርጉ አሎኬሽን ዩኒት የሚለውን (ይኸው የቦታ መለኪያ ነው) ወደ 32 ኪሎባይት ቢያወርዱት ብክነቱ ይቀንሳል።

ሁለተኛው፣ ኤክስፋት እንደ ኤንቲኤፍኤስ ማስታወሻ አይዝም። እየጻፈ ሳለ ኬብሉን መንቀል እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ማኩ ላይ ኢጀክት፣ ዊንዶውሱ ላይ ሴፍሊ ሪሙቭ ሳይሉ አይንቀሉ። እስከ ዛሬ ሳይሉ ነቅለው ምንም ካልሆኑ፣ ኤንቲኤፍኤስ እየሸፈነልዎት ነበር።

«ሁለተኛ ዲስክ ከየትም አላገኝም» ለሚሉ አንባቢዎችም አንድ መውጫ አለ፣ ዲስኩ ከግማሽ በታች ከሞላ ብቻ። ዊንዶውስ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ገብቶ የኤንቲኤፍኤሱን ክፍል ሽሪንክ ማድረግ (ማሳነስ)፣ በተለቀቀው ቦታ ላይ ኤክስፋት የሆነ አዲስ ክፍል መፍጠር፣ ከዚያ ፋይሎቹን ወደዚያ መገልበጥና ማነጻጸር። በኋላ የድሮውን ክፍል ኤክስፋት አድርጎ እንደ ሁለተኛ ክፍል መጠቀም። ሁለቱን አንድ ማድረግ በዊንዶውስ አይቻልም፣ ኤክስፋትን አያሰፋም። ይሠራል፣ ግን አልወደውም። ሁለቱም ቅጂ ያለው አንድ ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ ከተበላሸ ሁለቱም ሄዱ።

ጥያቄ፦ ዲስኬን ስሰካ «ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብዎት» ይለኛል። ትናንት ይሠራ ነበር። ፕሮፐርቲስ ላይ ፋይል ሲስተሙ «ሮው» ይላል። ከሮው ወደ ኤንቲኤፍኤስ በኮንቨርት ልቀይረው? (ግራ የገባው)

መልስ፦ አትቀይረው። ፎርማትም አታድርግ። «ካንስል» በለውና እጅህን አንሳ።

ሮው ማለት ዊንዶውስ «መዝገቡን ማንበብ አልቻልኩም» ማለቱ ነው። ኮንቨርት ሮውን አይቀይርም፣ የሚቀየር መዝገብ የለማ። መጀመሪያ ቀላሉን ሞክር፦ ሌላ ኬብል፣ ሌላ ቀዳዳ፣ ሌላ ኮምፒውተር። የላላ ኬብል ይህን ሁሉ ጣጣ ሲያመጣ ብዙ አይቻለሁ። ሌላም ጠይቅ፦ ትናንት ማታ ማክ ወይም ሊኑክስ ላይ ፎርማት ያደረገው ሰው አለ? ዊንዶውስ የማኩን ኤፒኤፍኤስንም የሊኑክሱን ኤክስት4ንም አያውቅም። ጤነኛውን የማክ ዲስክ ስትሰካለት ያው «ፎርማት ላድርገው» ነው የሚልህ። በዚህ ምክንያት የጠፋው ዳታ ያበሳጨኛል። ዲስኩ ምንም አልሆነም ነበር።

ያ ካልሆነና ዲስኩ ያልተለመደ ድምፅ ካላሰማ፣ ቴስትዲስክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። መጀመሪያው ላይ ያለውን የተበላሸ መዝገብ አንዳንዴ ዲስኩ ላይ ከተቀመጠው ቅጂ ይመልሰዋል። ካልመለሰ፣ አብሮት የሚመጣው ፎቶሬክ ፋይሎቹን በዓይነታቸው እየለየ ያወጣል። የፋይሎቹ ስም ግን ይጠፋል፤ ፎቶው ይገኛል፣ ስሙ ቁጥር ይሆናል። የሚወጣውን ሁሉ ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጥ፣ በፍጹም እዚያው ላይ አይደለም። ድምፅ ካሰማ ደግሞ ማንኛውንም ፕሮግራም አታስነሳ፣ ንቀለውና ለሚያውቅ ሰው ስጠው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ደቂቃ ይጎዳዋል።

ጥያቄ፦ 4 ቴራ ዲስክ ገዝቼ 2 ቴራ ብቻ ነው የሚታየኝ። ፋይል ሲስተሙን ብቀይር ይስተካከላል? (ተበልቻለሁ)

መልስ፦ አልተበላህም፣ አይዞህ። ችግሩ ከፋይል ሲስተሙ አንድ ደረጃ ወረድ ይላል። ዲስኩ የተከፋፈለው ኤምቢአር በሚባለው የድሮ ሥርዓት ነው፣ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ቴራ በላይ አይቆጥርም። ጂፒቲ ወደሚባለው አዲሱ ሥርዓት መቀየር አለበት። አዲስና ባዶ ከሆነ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ገብተህ ክፍሎቹን አጥፋና «ኮንቨርት ቱ ጂፒቲ» በለው። ዳታ ካለበት እንደ ላይኛዋ እህታችን መጀመሪያ ገልብጥ። ከዊንዶውስ 10 የ2017 እትም ጀምሮ ኤምቢአር2ጂፒቲ የሚባል ዳታ ሳያጠፋ የሚቀይር መሣሪያ አለ፣ ግን ዊንዶውስ ለተጫነበት ዲስክ ብቻ ነው የተሠራው። ደግሞ ከተስተካከለም በኋላ 4 ቴራ ሙሉ አይታይህም፣ 3.63 አካባቢ ነው የሚያሳይህ። አምራቹ በሺህ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,024። የተሰረቀ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ፍላሼን በኮንቨርት ወደ ኤንቲኤፍኤስ ቀየርኩት፣ ሁሉም ነገር ደኅና ነው። አሁን ግን የመኪናዬ ቴፕ አላውቅህም አለው። መልሼ ወደ ፋት32 እንዴት ልቀይረው? (ያለ ዘፈን የቀረሁ)

መልስ፦ በኮንቨርት መመለሻ የለውም። ዘፈኖቹን ኮምፒውተር ላይ ገልብጥ፣ ፍላሹን ፋት32 ብለህ ፎርማት አድርገው፣ መልስ። ፍላሹ ከ32 ጊጋ በላይ ከሆነና ዊንዶውስ ፋት32ን በምርጫው ውስጥ ካላሳየህ፣ ለመኪናው ሌላ 32 ጊጋ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ፍላሽ ያዝ። ለዘፈን ይበቃል። ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ዘፈን ካለህ ግን ለእኔም ላክልኝ፣ ምን እንደሚመስል ልስማው።